ድንጋዩ እዚህ፣ መዝገቡ ሮም!

(ከዚህ በታች የምታነቡት በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች፣ መምህራንና ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት ከማሳጠራችን በቀር አልነካነውም። — ዝግጅት ክፍሉ)



ሲቀላ ላይ ቆሞ ስለ ድንጋይ ማውራት «ለቀባሪ አረዱት» ይሆናል ብላችሁ እንዳትታዘቡኝ። ከጀርባችን የጋሞ ደጋ እንደ ግድግዳ ተገትሯል። ከፊታችን አባያና ጫሞ ተንጣለዋል፤ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የምንለው ጉብታ ተጋድሟል። ከገደሉ ሥር ደግሞ ለከተማችን ስም ያወጡላት ምንጮች ይፈልቃሉ። ድንጋይ እዚህ አገር ብርቅ አይደለም። የቤት መሠረት ነው፣ አጥር ነው፣ ወፍጮ ነው፣ ኮብልስቶን ነው። ሲኖትራክ ሲጭነው ደግሞ ጠጠርና ገረጋንቲ ነው።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ይህን የእኛን አገር ድንጋይ ለቅሞ፣ መርምሮ፣ በመጽሐፍ ካሳተሙት ሰዎች መካከል ከቀደምቶቹ የሆኑት እነማን ናቸው? መጽሐፋቸውስ የት ወጣ? በምን ቋንቋ?

መልሱ አጭር ነው። መጽሐፉ የታተመው ሮም ነው፤ ዓመቱ 1900፤ ቋንቋው ጣሊያንኛ። ድንጋዩን የለቀመው ሰው ግን መጽሐፉን ሳያይ፣ በዚሁ በእኛ አገር ነው የሞተው። ዛሬ የማወራችሁ የዚህን ታሪክ ነገር ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ምን ይደረግ፣ መዝገቡ የነሱ ነው! በእኛ አቆጣጠር የምጠራው ሲኖር እነግራችኋለሁ።

ከአድዋ ማግስት የወጣ ስም

በ1895 መገባደጃ ቪቶሪዮ ቦቴጎ የሚባል የጣሊያን ጦር መኮንን ከሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ፣ ከብራቫ ተነሣ። የላከው የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ነው። ዋና ተግባሩ የኦሞ ወንዝ መጨረሻው የት እንደሆነ ማረጋገጥ ነበር። ላምቤርቶ ቫኑቴሊ፣ ካርሎ ቺተርኒና ማውሪሲዮ ሳኪ የሚባሉ የአገሩ ልጆች አብረውት አሉ። ከነሱ በተጨማሪ በመቶ የሚቆጠር ጠመንጃ ያዥና ተሸካሚ አለ። በስም የምናውቀው ግን ጣሊያኖቹን ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

ጉዞው በሉግ አድርጎ ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጣና በ1896 አባያ ደረሰ። ሰዎቹ ሐይቁን ሲያዩ ስም አወጡለት፤ «ሬጂና ማርጌሪታ» አሉት። ማርጌሪታ የጣሊያን ንጉሥ የኡምቤርቶ ሚስት ናት። ጫሞም አልቀረለትም፤ በ1893 ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ዝሆን በገደለው በጣሊያናዊው ልዑል ስም «ሩስፖሊ» ተባለ። እንግዲህ በደሴቶቹ ላይ እየኖሩ፣ በአባያ ላይ ጀልባ እየቀዘፉ ዘመን የቆጠሩት ጊዲቾዎች ሐይቃቸው ስም እንዳልነበረው የሰሙት ያን ጊዜ መሆኑ ነው!

ዓመቱን ልብ በሉ። 1896 ማለት በእኛ 1888 ነው። የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው። በሰሜን በኩል አጥሩን ሊነቀንቅ የመጣው ተመትቶ በተመለሰበት በዚያው ዓመት፣ በደቡብ በኩል ጓሮ የገባው ደግሞ የሐይቃችንን ስም ይለውጥ ነበር። ያኛው በመድፍ፣ ይኸኛው በማስታወሻ ደብተር።

ማውሪሲዮ ሳኪ በጉዞው ላይ ሳይንስ ነክ የሆነውን ሥራ የያዘ ሰው ነው። ድንጋይ ይለቅማል፣ ከፍታ ይለካል፣ ይጽፋል። በ1897 መጀመሪያ ላይ ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጠረፍ ሲመለስ በዚሁ በአባያ አካባቢ ተገደለ። ቦቴጎም ብዙ አልቆየም፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ወለጋ ውስጥ ጊዳሚ አካባቢ በውጊያ ሞተ። ቫኑቴሊና ቺተርኒ ተማረኩ። ምኒልክ በሕይወት ለቀቋቸው። አገራቸው ገብተው በ1899 «ኦሞ» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1900፣ ሳኪ በጉዞው የሰበሰበው የድንጋይ ናሙና ተመርምሮ ሮም ላይ ታተመ። መርማሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ ዴ አንጀሊስ ዶሳት የሚባል ጂኦሎጂስትና ፌዴሪኮ ሚሎሴቪች የሚባል የማዕድን ሊቅ። ሚሎሴቪች በኋላ ስመ ጥር ሆኖ «ሚሎሴቪቻይት» የሚባል ማዕድን በስሙ ተሰይሞለታል። ይገባዋል፤ ቅር አይለኝም። ግን ድንጋዩን በጀርባው ተሸክሞ፣ ቆላውን በፀሐይ፣ ደጋውን በብርድ ያቋረጠው ሰው ስሙ ማን ነበር? መንገድ ያሳየውስ? «ይህ ጥቁሩ፣ ያ ቀዩ፣ ያኛው ሲነካ የሚፈረፍረው» ብሎ ያስረዳውስ? ለነሱ ማዕድን ቀርቶ የመጽሐፍ ግርጌ እንኳ አልደረሳቸውም።

ድንጋዩ ምን ይላል?

ሰዎቹ ሌቦች ናቸው ብዬ ንግግሬን ልዘጋ አልመጣሁም። ያማ ቀላል ነው፤ ጭብጨባም ያመጣል። ነገሩ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ያነበቡት ነገር እውነት ነበር።

በ1888 ቴሌኪና ፎን ሄነል የሚባሉ የኦስትሪያ-ሀንጋሪ ተጓዦች ከኬንያ በኩል መጥተው ዛሬ ቱርካና የሚባለውን ሐይቅ በልዑላቸው በሩዶልፍ፣ ጨው ባሕርን ደግሞ በልዑሉ ሚስት በስቴፋኒ ስም ጠሩ። (የጊዜው ልማድ እንደሆነ ገባችሁ አይደል? ሐይቅ ባዩ ቁጥር ቤተ መንግሥታቸው ትዝ ይላቸዋል።) ፎን ሄነል ያነሣውን ካርታ ተቀብሎ ቪየና ቢሮው የተቀመጠው ኤድዋርድ ዙውስ የሚባል ሊቅ በ1891 አንድ ትልቅ ነገር ጻፈ፦ እነዚህ ሐይቆች እንዲያው የተበታተኑ ጉድጓዶች አይደሉም፤ ምድር ተሰንጥቃ መካከሉ የሰመጠበት የአንድ ረጅም መሥመር ክፍሎች ናቸው አለ። ሰውዬው ምሥራቅ አፍሪካን በእግሩ ረግጦ አያውቅም። ጆን ዋልተር ግሪጎሪ ግን በ1893 ኬንያ ድረስ መጥቶ አየና በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን አጸናው። ዛሬ ልጆቻችን ትምህርት ቤት «ስምጥ ሸለቆ» ብለው የሚሸመድዱት ይኸው ነው። ቦቴጎና ሳኪ አባያ ሲደርሱ የዚያን መሥመር አንድ ቀለበት ነው ያገኙት።

ከነሱ በኋላ በመጣው ጥናት፣ ከሲቀላ ወደ ጨንቻ ስንወጣ የምናየው ጥቁር ድንጋይ ዕድሜው ታውቋል። በጋሞ ደጋና ከሐይቁ ማዶ በአማሮ ተራሮች የፈሰሰው የመጀመሪያው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከ45 እስከ 35 ሚሊዮን ዓመት ይደርሳል። በኢትዮጵያ ምድር ከወጣው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሁሉ ከጥንቶቹ አንዱ ነው፤ ሊቃውንቱም «የአማሮና የጋሞ ባዛልት» እያሉ ይጽፉታል። የእግዜር ድልድይ ደግሞ የትናንት ልጅ ነው፤ በዓለም የእሳተ ገሞራ መዝገብ ውስጥ «ጦሳ ሱጫ» ተብሎ ገብቷል። ጦሳ ማለት እግዜር መሆኑን ለናንተ አልተረጉምም።

የምንጠጣው ውኃስ? ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በተሰነጣጠቀው ባዛልት ውስጥ ሠርጎ፣ ወርዶ ወርዶ፣ ገደሉ ሥር ሲደርስ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። አርባ ምንጭ የሚለው ስም ራሱ የጂኦሎጂ ትምህርት ነው ማለት ይቻላል። ደጋውን የነካ ምንጩን ነካ። ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያሻም፤ ግን የሚያነብልን ሰው ያሻል።

ሳጥኑ ፓሪስ ገባ

አዞና ትልቁ ናይል ፐርች አባያና ጫሞ ውስጥ ምን ይሠራሉ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እነዚህ የዓባይ ወንዝ ዘመዶች ናቸው። ዝናቡ ከዛሬ በጣም በሚበልጥበት በጥንቱ ዘመን ሐይቆቻችን ሞልተው በሰገን በኩል ወደ ጨው ባሕር፣ ከዚያም ወደ ቱርካና ይሻገሩ ነበር። ቱርካና ሲሞላ ደግሞ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ይፈስ ነበር። ስለዚህ የእኛ ሐይቅና የታችኛው ኦሞ ጉዳይ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ወደ ኦሞ የምወርደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1902 ዱ ቡር ደ ቦዛ የሚባል የፈረንሳይ መኳንንት ወገን ከጅቡቲ ተነሥቶ በደቡብ ኢትዮጵያ አቋርጦ ታችኛው ኦሞ ደረሰ። አብሮት ኤሚል ብሩምፕት የሚባል ሐኪም ነበር። ሐኪሙ ከቱርካና ሐይቅ በስተሰሜን፣ በተሸረሸረው መሬት ላይ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ የእንስሳት አጥንት አየና ሰበሰበ። መሪው ጉዞውን ሳይፈጽም በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮንጎ ውስጥ ሞተ፤ አጥንቱ ግን ፓሪስ ገባ።

እዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆየ። በ1932 ካሚል አራምቡር የሚባል የፓሪሱ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሊቅ፣ አጥንቱ የተገኘበትን ቦታ ፍለጋ በኬንያ በኩል መጣ። በ1933 ሲመለስ አራት ቶን ያህል ቅሪተ አካል ይዞ ተመለሰ። አራት ቶን! የዝሆን ዘር፣ የጉማሬ፣ የአሳማ፣ የአዞ። የኢትዮጵያ ምድር በብዙ ሚሊዮን ዓመት ያጠራቀመችውን ዶሴ አንድ የጉዞ ቡድን በአንድ ወቅት ጭኖት ሄደ።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። ብሩምፕት ያንን ሳጥን ባይልክ አራምቡር አይመጣም ነበር። አራምቡር ጥሩ አድርጎ ጽፎ ባያሳትም፣ ከ1967 ጀምሮ ፈረንሳዮች፣ አሜሪካውያንና ኬንያውያን የተሳተፉበት ታላቁ የኦሞ ጥናት መነሻ አይኖረውም ነበር። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ኬንያን ሲጎበኙ ሉዊስ ሊኪን «በእኛ አገርስ ለምን አልተገኘም?» ብለው እንደጠየቁ ይነገራል፤ ፈቃዱ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። አራምቡር በ1967 ዓ.ም. በፈረንጆች ዕድሜው 82 ሆኖ ተመለሰ። የእሱና የኢቭ ኮፐንስ ቡድን ያገኘው የታችኛ መንጋጋም «ኢትዮጵያዊ» የሚል ትርጉም ያለው የዝርያ ስም ተሰጠው። በዚያው ዓመት በሪቻርድ ሊኪ የተመራው ቡድን ኪቢሽ ላይ የዘመናዊ ሰው ቅሪት አገኘ። ዕድሜው በ2005 ላይ 195 ሺህ ዓመት ተባለ፤ በ2022 የወጣው ጥናት ደግሞ ወደ 233 ሺህ አሳደገው።

ታዲያ ጉዳቱ የቱ ላይ ነው? አድራሻው ላይ ነው። ቅሪተ አካል ደብዳቤ ነው፤ የተገኘበት የመሬት ድርብርብ ደግሞ ፖስታው። ፖስታው የጠፋ ደብዳቤ ማን ለማን መቼ እንደጻፈው አይታወቅም። በ1902 የድንጋይን ዕድሜ በዓመት የሚለካ መሣሪያ አልነበረም። ዘዴው የተገኘው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፦ በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ቀስ እያለ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ የተጠራቀመው ጋዝ ተለክቶ ዓመቱ ይሰላል። ስለዚህ አጥንቱ ከየትኛው አመድ በላይ፣ ከየትኛው በታች እንደተነሣ ማወቅ ግድ ነው። ከ1967 በኋላ የመጡት የሥነ ምድር ሊቃውንት የኦሞን አመዶች ከታች ወደ ላይ ቆጥረው በፊደል የሰየሟቸው ለዚህ ነው። መሬት ላይ ተለቅሞ በሳጥን የሄደው ግን ፖስታው እዚሁ ቀርቷል።

ወዳጆቼ፣ ይህ የጥንት ወሬ ብቻ አይምሰላችሁ። ዛሬ ካባ ላይ ዶማ የሚያነሣ ወጣት፣ መንገድ ሲቆረጥ ግሬደር የሚነዳ ሾፌር የማያውቀው አጥንት ቢወጣበት ምን ያደርጋል? ቢያነሣው ፖስታው ጠፋ። ቢጥለው ደብዳቤውም ጠፋ። ባለበት ትቶ ለባለሙያ ቢናገር ግን ከአራምቡር የበለጠ ሠራ ማለት ነው።

የትኛው ስም ኖረ?

አሁን ወደ ስም ልመለስ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ ሲዘምት ዊሊያም ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት አብሮ ነበር። ጦሩ ሲሄድ እሱ ድንጋይ እያየ ይጽፋል። በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ የድንጋዩን ዓይነቶች ከአገሩ ስም ወስዶ ሰየማቸው፦ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ፣ የአሸንጌ፣ የመቅደላ። እነዚህ ስሞች ዛሬም ይሠራሉ። ማንኛውም የጂኦሎጂ ተማሪ ከአዲግራትና ከአንታሎ ሳይጀምር የኢትዮጵያን ድንጋይ አይማርም።

ሬጂና ማርጌሪታስ? ሩስፖሊስ? ሩዶልፍና ስቴፋኒስ? ከአሮጌ ካርታ በቀር የሚጠራቸው የለም። አባያ አባያ ነው፤ ጫሞም ጫሞ። ከመሬቱ የተወሰደ ስም ኖረ፤ ከቤተ መንግሥት የመጣ ስም ከቤተ መንግሥቱ ጋር ሄደ። ብላንፎርድም ቢሆን ከወራሪ ጦር ጋር የመጣ ሰው ነው፤ ግን የመሬቱን ስም ጠይቆ ጻፈ። የጠየቀና ያልጠየቀ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ካርታና ጦር

ጥናት ንጹሕ ዕውቀት ነው የሚሉ አሉ። ይሁን። ግን ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። ምኒልክ የለቀቁት ቺተርኒ ከ1910 እስከ 1911 ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ የመጣው የኢትዮጵያንና የጣሊያን ሶማሊያን ድንበር ለማካለል በጣሊያን በኩል ተወክሎ ነው። ጁዜፔ ስቴፋኒኒ የሚባል ሊቅ በ1913 ሶማሊያን አጠና፤ በ1933 ደግሞ የኤርትራን፣ የሶማሊያንና የኢትዮጵያን የጂኦሎጂ ካርታ በአንድ ላይ ፍሎረንስ ላይ አወጣ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1935 ወረራው መጣ። ካርታው ጦሩን አመጣ አልልም፤ ቤቱን ሊወስድ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ግድግዳውን ይለካል ነው የምለው።

በሌላ በኩል ደግሞ ጆቶ ዳይኔሊን እዩ። ከ1905 እስከ 1906 ኤርትራን ያጠና፣ በወረራው ዘመን ጣናን ያስጠና ትልቅ ሊቅ ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ጂኦሎጂ በአራት ቅጽ ጽፎ በ1943 ሮም ላይ አሳተመ። በ1943 ግን ጣሊያን ከኢትዮጵያ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል! መጽሐፉ ሲወጣ መሬቱ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። መጽሐፉ ግን ከመሬቱ ጋር አልተመለሰም።

የእኛዎቹ ዘግይተው ቢነሡም አላንቀላፉም። በ1996 የኢትዮጵያ የጂኦሎጂ ካርታ ሁለተኛ እትም ሲወጣ ያዘጋጁት መንገሻ ተፈራ፣ ታዲዎስ ቸርነትና ወርቅነህ ሃሮ የሚባሉ ኢትዮጵያውያን ናቸው። መጠኑ እንደ ስቴፋኒኒው አንድ ለሁለት ሚሊዮን ነው። የሚያኮራ ሥራ ነው።

ግን አንድ ለሁለት ሚሊዮን ማለት ምን ማለት ነው? ካርታው ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። ከሲቀላ ሼቻ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ ካርታ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የክብሪት እንጨት ውፍረት! እንዲህ ያለ ካርታ ለአገር ይበቃል፤ ለሰፈር አይበቃም።

የሰፈር ካርታ ለምን ያስፈልጋል? ሐምሌ 15 ቀን 2016 በእኛ አቆጣጠር፣ በጎረቤታችን ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ማን ይረሳል? ዝናብ የጠገበው ተራራ ተንዶ ሰው ቀበረ። ሌላው ወገኑን ሊያወጣ ሲቆፍር ዳግም ተናደና እሱንም ቀበረው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ያንን ተራራ ስም ያለውም ስም የሌለውም መንገደኛ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ሲያይ፣ ሲለካ፣ ሲጽፍ ኖሯል። «ይህ አፈር በዚህ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ፣ ዝናቡም እንዲህ ሲበዛ ይንሸራተታል፤ ከዚህ መስመር በታች ቤት አትሥሩ» የሚል አንድ ወረቀት፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ለዚያ ገበሬ ደርሶት ነበር ወይ? ጥያቄዬ ይህ ነው። መጠየቅ ተቃዋሚነት ከተባለ፣ ይባል እንግዲህ!

ድንጋዩን የሚያነበው ሌላ፣ ድንጋዩ ሥር የሚኖረው ሌላ የሆነበት አገር ነው የእኛ አገር። በቦቴጎ ጊዜ አንባቢው ሮም ነበር። ዛሬ አንባቢው አዲስ አበባ ወይም ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቢሆን፣ ንባቡ ቀበሌ እስካልወረደ ድረስ ለገበሬው ልዩነቱ ምንድን ነው?

በእኛ ሰዎች ሲሠራ

ሊሠራ እንደሚችል ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ ከዚህ ዘጠና ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ኮንሶ ነው። መንግሥት በተለወጠበት በ1991፣ የኢትዮጵያን የቅሪተ አካል ቦታዎች ለመመዝገብ የተሰማራ ቡድን ኮንሶ ጋርዱላን አገኘ። ቦታውን በማጥናት ከተሰለፉት መካከል ብርሃነ አስፋውና ዮናስ በየነ ይገኛሉ፤ ከጃፓናዊው ገን ሱዋ ጋር አብረው ሠሩ። በ1997 አንድ ጥንታዊ የራስ ቅል ለዓለም አሳወቁ። በ2013 ደግሞ ዮናስና ባልደረቦቹ የኮንሶ የእጅ መጥረቢያዎች እስከ 1.75 ሚሊዮን ዓመት እንደሚደርሱ አሳዩ። የዚያ ዓይነት መሣሪያ በዓለም ላይ ከተገኙት ከጥንታዊዎቹ አንዱ ነው። እዚህ ፖስታውም ደብዳቤውም አልተለያዩም፤ ድርብርቡ ተጠንቷል፣ አመዱ ተለክቷል፣ ዕቃው አገር ውስጥ ነው።

ወደ ቤታችን እንቅረብ። በ2012 ካትሪንና ጆን አርተር የሚባሉ አሜሪካውያን አርኪዎሎጂስቶች ጋሞ ደጋ ላይ ሞታ የሚባል ዋሻ ቆፈሩ። ወደ ዋሻው የመሯቸው የጋሞ ሽማግሌዎች ናቸው። ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው ተገኘ። ከአጥንቱ የዘር ቅንጣቱ ሙሉ በሙሉ ተነበበና በ2015 ታተመ፤ ከአፍሪካ ጥንታዊ ሰው ሙሉው ሲነበብ የመጀመሪያው ነው። ስሙንም «ባይራ» አሉት፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። ተመልከቱ፦ በ1896 ሐይቃችን በንግሥት ስም ተጠራ፤ በ2015 ግን ዓለም የሚያውቀው ሰው በእኛ ቋንቋ በኩር ተባለ። ይህ ለውጥ ከሰማይ አልወረደም። ሕግ ስላለ፣ የተማረ ሰው ስላለ፣ የሚጠየቅ ሽማግሌ ስላለ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሚጠናውና የሚጠበቀው እንዴት እንደሆነ ደንግጓል። አዋጅ ግን ብቻውን ዋሻ አይጠብቅም።

ምን ይደረግ?

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዳይሆንብን አራት ነገር ልበልና ላብቃ።

አንደኛ፣ በ1900 ሮም ላይ የታተመው የሳኪ ድንጋዮች ጥናትና የአራምቡር የኦሞ ጥናት ቅጂ አርባ ምንጭ ይምጣ። ድንጋዩ ይመለስ ቢባል ክርክሩ ዓመታት ይፈጃል፤ ይከራከሩበት፣ መብታችን ነው። ቅጂው ግን የዛሬ ሥራ ነው። ቀድሞ መጥቶም ከሆነ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ንገሩንና እናንብበው። ዋና ዋናው ቁም ነገር በአማርኛና በጋሞኛ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ የሰፈር ካርታ እንጠይቅ። ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ካባ፣ መንገድ ከመሠራቱ በፊት ተራራው ይነበብ። የተነበበውም ለቀበሌው ሰው በሚገባው ቋንቋ ይነገር፤ ዱቡሻ ላይ ይነገር። አባቶቻችን ትልቁን ጉዳይ ዱቡሻ ላይ ነው የሚመክሩት፤ የሚያኖራቸው ተራራ ጉዳይ ከዚህ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛ፣ ካባ ላይ የምትሠሩ ልጆች፣ የማታውቁት አጥንት ወይም የተጠረበ የሚመስል ድንጋይ ብታዩ አታንሡት፣ አትሽጡት። ቦታውን አስተውሉ፣ ለሚመለከተው ተናገሩ፣ «ተናግሬያለሁ» የሚል ምስክርም ያዙ። ሰሚ ከጠፋም ጋዜጣ አለ።

አራተኛ፣ ከእንግዲህ ድንጋያችንን ሊያጠና የሚመጣ ሁሉ፣ ፈረንጅም ይሁን ሐበሻ፣ የመራውን፣ የተሸከመለትንና የነገረውን ሰው በስሙ ይጻፍ። ሰውየው ራሱ ከፈቀደ ማለቴ ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ መሥመር ቀለም ነው።

ተማሪዎች፣ ለናንተ ደግሞ የተለየ መልእክት አለኝ። ዲግሪ ይዛችሁ ከዚህ ከተማ የምትወጡ አላችሁ። ሩቅ ሄዳችሁ የሌላውን አገር ድንጋይ ብታጠኑ አይከፋም። ግን ከሲቀላ ጨንቻ በሚወስደው መንገድ ዳር ተቆርጦ የሚታየው ጥቁር ግድግዳ 45 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ የሚቆጠር ዶሴ ነው። ታክሲው ሲያልፍ በመስኮት አይታችሁ የምትተዉት ከሆነ፣ ሌላ ማስታወሻ ደብተር የያዘ ሰው መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ደግሞ ስም ሲወጣልን ቆመን እናያለን።